ለወላጆቻችሁ «የማስታወስ ጥቅል» ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያና ዙሪያው ያላችሁ፣ በተለይም አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ገንዘብ የምትልኩ፣ ይህን ልብ በሉ። የታብሌት ጨዋታ፣ የ«ማስታወሻ» እንክብልና የጥቂት ሳምንት ሥልጠና አንድ ላይ ታስሮ «የመርሳት በሽታን ይከላከላል» ከተባላችሁ አትክፈሉ። እንዲህ ያለው ሽያጭ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በነጻ ምርመራ ነው፤ ማታለያውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

አምስት ቃላት ይነበባሉ፣ የሰዓት ሥዕል ሳሉ ይባላል፣ ቀኑ ይጠየቃል። እስክሪብቶ ጨብጠው የማያውቁ እናት ክብ ስለው ቁጥር እንዲደረድሩ ሲጠየቁ ቢቸገሩ የትምህርት ጉዳይ እንጂ የመርሳት ምልክት አይደለም። ጆሯቸው የደከመ አባትስ በቅጡ ያልሰሙትን ቃል ከየት አምጥተው ያስታውሱታል? ነጥቡ ዝቅ ይላል፣ ቤተሰቡ ይደነግጣል፣ ድንጋጤው ሳይበርድ ውል ይቀርባል። ሥልጠናው ሲያልቅ ያው ፈተና ይደገማል። ቃላቱ ያው ናቸው፣ ሰዓት መሳሉም ተለምዷል፤ ስለዚህ ነጥቡ ይጨምራል። ያደገው ግን ፈተናውን መልመዳቸው ነው። ሻጩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «በኋላ የምትለኳቸው በሌሎች ቃላትና ከጨዋታው ውጪ በሆነ የዕለት ሥራ ነው?» አጥጋቢ መልስ ካላገኛችሁ ተነሱና ውጡ።

ጥናቱም ይህንኑ ይላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት 11,430 ጎልማሶች ለስድስት ሳምንት በኮምፒውተር ተለማመዱ፤ በተለማመዱት ጨዋታ በረቱ፣ ብርታቱ ግን ወደ ሌላ ሥራ አልተሻገረም። ሉሞሲቲ የተባለው የአእምሮ ጨዋታ ባለቤት የሆነው ኩባንያም ጨዋታው በዕድሜ የሚመጣን መርሳት ያዘገያል ብሎ በማስተዋወቁ ተከሶ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እንክብሉ ደግሞ ከጨዋታው ይብሳል፣ ጉዳት አለውና። በእንዲህ ያሉ እንክብሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ጊንኮ የሚባለው ቅጠል ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 3,069 ሰዎች ላይ ተሞክሮ የመርሳት በሽታን አልቀነሰም፤ ውጤቱ የታተመው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ደም የሚያቀጥኑትን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን በሚወስድ ሰው ላይ ሲደረብ ደግሞ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመርሳት በሽታን ለመከላከል ተብሎ ቫይታሚን ቢና ኢ እንዳይታዘዝ መክሯል። የቢ12 እጥረት በምርመራ ከተገኘ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ይታከማል።

ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙን፣ ውሉንና ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አቤቱታችሁን ይዛችሁ ወደ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ስለ እንክብሉ ደግሞ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ መስመር 8482 ደውሉ።

ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ጤና ተቋም ነው። የደም ግፊትና ስኳር ይለካ፤ የታይሮይድ ሆርሞንና ቢ12 ይታይ፤ በተለይ ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ሰዎች ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። ጆሮ ይታይ፤ አንዳንዴ የዘጋው ኩክ ብቻ ይሆናል። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ ዲያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊንና አንዳንድ የጉንፋን ክኒኖች ሽማግሌን ያደናግራሉ። መደናገሩ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከተመቱ በኋላ ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት አድርሷቸው።

ገበጣም የሚያጎብዘው ገበጣን ነው፤ ነገር ግን አያስከፍልም፣ ከሰው ጋርም ያገናኛል፣ ብቸኝነት ደግሞ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው።

የሚረሱትን አንድ ቁም ነገር ለማስያዝ ከፈለጋችሁ በቤት የሚሠራ ዘዴ አለ፤ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ይመቻል። «እማማ፣ የግፊት ክኒንዎ ያለው የቁም ሳጥኑ ላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። የት ነው ያለው?» ወዲያው ይመልሱ። ከ30 ሰከንድ በኋላ ያንኑ ጠይቋቸው፤ ቀጥሎ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ። በመሀሉ ስለ ሌላ ነገር ተጫወቱ። ከሳቱ «እስቲ ይገምቱ» አትበሏቸው፤ የተገመተው ስህተት ራሱ ይጠናና ትክክለኛውን ይሸፍነዋል። መልሱን ራሳችሁ ንገሯቸው፣ አስደግሟቸው፣ መጨረሻ ላይ ወደ ተሳካላቸው የጊዜ ልዩነት ተመለሱ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው በአንድ ቀን የክኒኑን ቦታ፣ የልጅ ልጁን ስምና የቀጠሮውን ቀን አንድ ላይ በመጫን ነው። አንዱን ብቻ ያዙ፤ በማግሥቱ ጠዋት ሳይነገራቸው ከመለሱ፣ ያኔ ወደ ሁለተኛው እለፉ።