ነጻው፣ የሳምንቱ፣ የዩኒቨርሲቲው፦ ለቤተሰብ ታሪክ ተመራማሪ የሚበጀው ትምህርትና ስኮላርሺፕ የቱ ነው?

የዘር ሐረጋቸውን መከታተል የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ስኮላርሺፕ የት ይገኛል?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አስቀድሞ መመለስ ያለበት «የምሠራውን ስህተት ራሴ ማየት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ማየት ከቻላችሁ በነጻ ተማሩ። ካልቻላችሁ የሚያርማችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ የራሳችሁ ገንዘብም ሆነ ስኮላርሺፕ መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው።

በ1600ዎቹ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ኑዛዜ ማንበብ ያቃተው ሰው፣ ጽሑፉን በራሱ ገልብጦ ከተዘጋጀው ትክክለኛ ቅጂ ጋር ሲያስተያይ የሳተውን ፊደል ወዲያው ያየዋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በአንድ ደብር መዝገብ ውስጥ ሁለት ሞክሼዎች አግኝቶ «ቅድመ አያቴ ይሄኛው ነው» ብሎ የወሰነውን ግን ተሳስተሃል የሚለው የለም። ከዚያ ወዲያ የሚቆጥረው ትውልድ ሁሉ የሌላ ቤተሰብ ትውልድ ይሆናል። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው አያቶች ስፈልግ ኖሬአለሁ። ከዚያ ያወጣኝ አንድ መምህር በጽሑፌ ኅዳግ ላይ የጻፈልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ይህ ሰው በመጋቢት ሞቷል፤ ታዲያ የሰኔውን ውል ማን ፈረመ?» ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ኮርስ የምመዝነው ሥራዬን የሚያነብልኝ ሰው አለ ወይስ የለም በሚለው ነው።

ነጻው ወገን

እዚህ ያለው ሀብት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። ፋሚሊሰርች በ1894 የዩታ የዘር ሐረግ ማኅበር ተብሎ የተጀመረ፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ተቋም ነው። በ1938 መዝገቦችን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀምሮ፣ ያን ክምችት ወደ ዲጂታል የመቀየሩን ሥራ በ2021 አጠናቋል። ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን የምርምር ዊኪውን፣ ማለትም በኦንላይን ያለውን የምርምር መመሪያ ነው። አገሩንና አውራጃውን ስትፈልጉ ምን ዓይነት መዝገብ ከመቼ ጀምሮ እንደተያዘና የት እንደሚገኝ ይነግራችኋል። «ቤተሰቤ ከነበረበት አገር ምን መዝገብ ተርፏል?» ለሚል ጀማሪ ከዚህ የሚቀድም ኮርስ አላውቅም፤ ለዚህ ጥያቄ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሳይ ይቆጨኛል።

አሮጌ የእጅ ጽሑፍ ለማንበብም መክፈል አያስፈልግም። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ1500 እስከ 1800 የተጻፉ ሰነዶችን በመልመጃ የሚያስተምር ገጽ አለው። የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲም ጀርመንኛን፣ ላቲንን፣ ስፓኒሽንና ሌሎችንም የሚሸፍን የጽሕፈት መማሪያ በነጻ ይሰጣል። ሁለቱም እየገለበጣችሁ ራሳችሁን የምታርሙባቸው በመሆናቸው የተከፈለበትን ኮርስ ይስተካከላሉ።

ዌቢናር (በኢንተርኔት የሚሰጥ ሌክቸር) ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ሌጋሲ ፋሚሊ ትሪ ዌቢናርስ የተባለው ድረ ገጽ በቀጥታ የሚተላለፉትን በነጻ ያሳያል፤ የቆየውን ክምችት በሙሉ ለማየት የዓመት አባልነት መግዛት ያስፈልጋል። ሩትስቴክ የተባለው ጉባኤ በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሆኖ በነጻ ሲከፈት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተካፍለውበታል። መምህራኑ ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን የሰው ምሳሌ ሲፈታ መመልከት የራስን ችግር እንደመፍታት አይሆንም። በስኮትላንድ የሚገኘው የስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ ፊውቸርለርን በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ያዘጋጀው የ6 ሳምንት ኮርስ ከዌቢናር ይሻላል እላለሁ፤ በቅደም ተከተል እየገነባ ስለሚሄድ ዘዴውን ያስይዛል። የራሳችሁን መደምደሚያ የሚፈትሽላችሁ መምህር ግን እዚያም የለም።

የአንድ ሳምንቱ

በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የቆየ ልማድ አለ፦ አንድ ርዕስ መርጦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ነገር ሳይነኩ መማር። በዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ዙሪያ የተመሠረተው የፌዴራል መዛግብት ኢንስቲትዩት በ1950 ተጀመረ። በ1964 በአላባማ፣ በሳምፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ኢንስቲትዩት በ2017 ወደ ጆርጂያ ተዛውሯል። የሶልት ሌክ ኢንስቲትዩት ከ1996 ጀምሮ በጥር ወር ይካሄዳል፤ በፒትስበርግ የተመሠረተው ግሪፕ የተባለው ኢንስቲትዩት ደግሞ በ2012 ጀመረ። ከወረርሽኙ ወዲህ ብዙዎቹ በኦንላይን የሚሰጡ ኮርሶችም አሏቸው፤ ቪዛ፣ ትኬትና ሆቴል ለሚከብደው ሰው ትልቅ ለውጥ ነው።

ከእነዚህ መካከል ስትመርጡ የኢንስቲትዩቱ ስም አይምራችሁ። አንዱ ኮርስ አምስት ቀን ሙሉ ሌክቸር ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ማታ ማታ የቤት ሥራ ሰጥቶ ጠዋት ያርማል። የኮርሱን መግለጫ አንብቡ። የቤት ሥራ፣ የጉዳይ ጥናት፣ የግል ምክር የሚሉት ቃላት ከሌሉ የምትገዙት ረጅም ዌቢናር ነው።

የሳምንት ትምህርት ከምንም በላይ የሚያዋጣው በሁለት ጉዳዮች ላይ ነው። አንደኛው ዲኤንኤ ነው። 25 በመቶ ገደማ ዲኤንኤ የሚጋሩ ሁለት ሰዎች አያትና የልጅ ልጅ፣ ወይም አክስትና የወንድም ልጅ፣ ወይም በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥሩ ብቻውን አይለያቸውም፤ ዕድሜን፣ ሌሎች ዘመዶችንና ሰነዶችን አገናኝቶ ማመዛዘን የሚለመደው በሚያርም ሰው ፊት ነው። ስህተቱም የሚነካው የሞቱትን ብቻ አይደለም፤ አባቱን የሚፈልግ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ባሪያ ተደርገው የኖሩ ቤተሰቦችን ታሪክ መፈለግ ነው። በአሜሪካ የ1850 እና የ1860 የባሪያዎች ቆጠራ በባሪያ አሳዳሪው ስም ሥር ዕድሜና ጾታ ይመዘግባል፤ የሰዎቹን ስም ግን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይጽፍም። አብዛኞቹ አፍሪካ አሜሪካውያን በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ለመሻገር የአሳዳሪውን ኑዛዜ፣ የንብረት ዝርዝርና የሽያጭ ውል እያገላበጡ፣ ዋጋ ተለጥፎበት ከተጻፈ ስም ውስጥ የራስን ሰው መለየት ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ከአጠቃላይ ኮርስ መማር ይቻላል ብዬ አላምንም። ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመው የመካከለኛው ምዕራብ አፍሪካ አሜሪካውያን የዘር ሐረግ ኢንስቲትዩት መንገዱን ራሳቸው የሄዱ መምህራን ያሉት ነው፤ ይህ ጥያቄ ያለው ሰው መጀመሪያ እሱን ይመልከት።

ዩኒቨርሲቲው

ስትራትክላይድ በኦንላይን፣ በትርፍ ጊዜ፣ ከድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ተነሥቶ በዲፕሎማ አልፎ እስከ ማስተርስ ያደርሳል። የአውስትራሊያው የታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን የቤተሰብ ታሪክ ዲፕሎማ አለው። ብሪገም ያንግ በዩታ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። እዚህ ሥራችሁ ይነበባል፣ ይታረማል፣ ውጤት ይሰጠዋል። ዋጋውም ጊዜውም ከሁሉም ከባድ ነው፤ ክፍያው በምትኖሩበት አገር ስለሚለያይ ከመመዝገባችሁ በፊት እናንተን የሚመለከተውን ሂሳብ አስወጡ።

ዲግሪ ለሚያስፈልገው ሰው፣ ለምሳሌ በቤተ መዛግብት ወይም በማስተማር ሥራ ሊሰማራ ላሰበ፣ ዩኒቨርሲቲ ተገቢ ነው። በሙያው ማረጋገጫ ለማግኘት ብቻ ከሆነ ግን ቆም በሉ። በ1964 የተቋቋመው የአሜሪካ የዘር ሐረግ ተመራማሪዎች ማረጋገጫ ቦርድ የዲግሪ ወረቀት አይጠይቅም። የሚመዝነው የሥራ ስብስባችሁን ነው፦ ሰነድ እንዴት እንደተረጎማችሁ፣ የሚጋጩ ማስረጃዎችን እንዴት እንደፈታችሁ፣ መደምደሚያችሁን እንዴት እንደጻፋችሁ። ማረጋገጫውም በየ5 ዓመቱ ይታደሳል።

ለዚህ የሚያዘጋጅና በዋጋ ደረጃ ከሁሉም የሚቀልለው ፕሮጄን የሚባለው የጥናት ቡድን ነው። ከ2008 ጀምሮ አለ። አባላቱ በየወሩ ሥራ ይጽፋሉ፣ እርስ በርስ ይተራረማሉ፣ ልምድ ያለው ሰው ይመራቸዋል። የራሱን ጽሑፍ ለማስነበብ የማያፍር፣ የሰውንም በትዕግሥት የሚያነብ ሰው ከብዙ ኮርስ የበለጠ ያገኝበታል።

ስኮላርሺፑ

አብዛኞቹ ስኮላርሺፖች የሚከፍሉት የምዝገባውን ክፍያ ነው፤ ትኬት፣ መኝታና ምግብ ብዙ ጊዜ በእናንተ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ዕድሎች ስታስተያዩ የተሰጣችሁን ገንዘብ ሳይሆን ከኪሳችሁ የሚወጣውን ቀሪ ደምሩ። ሙሉ ክፍያ የሚሸፍን ግን ውቅያኖስ የሚያሻግር ስኮላርሺፕ፣ ግማሽ ክፍያ ብቻ ከሚሸፍን የኦንላይን ዕድል ይልቅ ሊከብድ ይችላል። ቀጥሎ የሚታየው የነዋሪነት፣ የዕድሜና የጀማሪነት ገደብ ነው። ኢንስቲትዩቶቹ ራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጡ ወይም ለወጣቶች የሚያስቀምጧቸው ዕድሎች አሉ፤ ለጀማሪ በር የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

ሌላ ጫፍ ላይ ያለው የአሜሪካ የዘር ሐረግ ተመራማሪዎች ጉባኤ ሽልማት ነው። ጉባኤው በ1940 የተመሠረተ፣ አባላቱ ከ50 የማይበልጡ፣ በመስኩ እጅግ የተከበረ ማኅበር ሲሆን፣ የሚሰጠው ሽልማት ከ1996 ጀምሮ ተመራማሪዎችን ወደ ታወቁ የትምህርት ፕሮግራሞች ይልካል። አመልካቹ ቢያንስ 5,000 ቃላት ያለው ጽሑፍ ያቀርባል፤ የትኛውን ፕሮግራም ለምን እንደመረጠም ከ100 እስከ 150 በሆኑ ቃላት ያስረዳል። ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። ነገር ግን 5,000 ቃላት በማስረጃ አስደግፎ መጻፍ ራሱ ትምህርት ነው፤ ሽልማቱ ቢቀር ጽሑፉ ለማረጋገጫ ቦርዱ ዝግጅት ይሆናል።

ማመልከቻ ላይ «የቤተሰብ ታሪክ እወዳለሁ» ብሎ መጀመር አይጠቅምም፤ ሁሉም አመልካች ይወዳል። የተያዛችሁበትን ቦታ ጻፉ፦ ሁለቱን ሞክሼዎች፣ የፈለጋችሁባቸውን መዝገቦች፣ ያልገባችሁን ነጥብ፣ ያ ኮርስ ያንን ነጥብ እንዴት እንደሚከፍተው። አንባቢው ችግራችሁን ሲያይ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ያያል።

በዚህ ዓመት ለመጀመር ላሰበ ሰው የምለው ይህን ነው፦ ፊደል ወይም የመዝገብ ዓይነት ከሆነ የያዛችሁ፣ ዛሬውኑ በነጻ ጀምሩ። ዲኤንኤ ወይም ከ1870 በፊት ያለ ቤተሰብ ከሆነ የሳምንት ኮርስ ምረጡና ለዚያው ለምዝገባው ስኮላርሺፕ አመልክቱ። ሞክሼ ከሆነ ፕሮጄን ይቅደም። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ኮርሱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ይዘጋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የመዝጊያውን ቀን መዝግቡ፣ ከዚያ ጽሑፋችሁን ለአንድ አንባቢ ስጡ።