ደሴ ላይ የኦኦፒ ስልጠና ለምትፈልጉ፣ የቅዳሜና እሁዱ ክላስ እንዴት ነው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥ የጃቫ ኦኦፒ (ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ፣ ፕሮግራምን በክላስና በኦብጀክት ከፋፍሎ መጻፍ) ስልጠና አለ፣ ስሙን እዚህ አልጽፍም ምክንያቱም ከታች ወቀሳም አለብኝ፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ባጭሩ አስተማሪው ጎበዝ ነው፣ ሀንድአውቱ ግን አርጅቷል፣ ኮምፒውተሩም አይበቃም።

በጣም የወደድኩት ኢንሄሪታንስን (አንድ ክላስ ከሌላው መውረሱን) ያስተማረበትን መንገድ ነው። ግቢ እያለን ኮድ ላለመድገም ነው ተብለን ኤክስቴንድስን (ጃቫ ላይ መውረሻዋን ቃል) ከተማርን በኋላ ያገኘነውን ክላስ ሁሉ ስናዛምድ ነው የከረምነው። ይሄ ልጅ ግን መጀመሪያ ተሽከርካሪ የሚል ክላስ አስጻፈን፣ ውስጡ ሰው ጫን፣ ሂሳብ ተቀበል፣ ነዳጅ ቅዳ የሚሉ ሜተዶች (ክላሱ የሚሰራቸው ስራዎች) አሉ፣ ከዛ ባጃጅና ሚኒባስ ወረሱት፣ ሂሳብ ተቀበልን ሁለቱም በየራሳቸው ኦቨርራይድ አደረጉ፣ ማለትም የወረሱትን በራሳቸው ቀየሩት (ባጃጁ በኮንትራት፣ የኮምቦልቻው ሚኒባስ በሰው)፣ ሁሉንም አንድ ሊስት ውስጥ ከተን በአንድ ሉፕ ስንጠራቸው እያንዳንዱ የራሱን ሰራ። ፖሊሞርፊዝም የምትሉት ይቺው ናት አለን፣ አለቀ።

ደስ ብሎን ቁጭ እንዳልን "በሉ አሁን የኤሌክትሪክ መኪና ጨምሩ" አይልም! ነዳጅ ቅዳን ምን እናድርጋት? አንዱ ባዶ እንተዋት አለ፣ አንዷ ኤክሰፕሽን (የስህተት ምልክት) ትወርውር አለች። ሁለቱንም አስኬደው፣ ባዶዋ ምንም ሳትቀዳ እንደቀዳች ዝም ብላ ታልፋለች፣ ኤክሰፕሽኗ ደግሞ ማንኛውንም ተሽከርካሪ ይቀበል የነበረውን የማደያ ኮድ ጥላው ቁጭ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ባርባራ ሊስኮቭ እ.ኤ.አ. በ1987 ያነሱት ሀሳብ ይሄው ነው፣ ልጁ ክላስ በወላጁ ቦታ ሲገባ ወላጁን አምኖ የተጻፈው ኮድ መበላሸት የለበትም። ወላሂ ግቢ ለፈተና ሸምድጄው ነበር እንጂ እንደዛ ቀን ገብቶኝ አያውቅም።

ከዛ ነዳጅ ቅዳን ከወላጁ አውጥተን ኢንተርፌስ (ክላስ እሰራዋለሁ ብሎ የሚቀበለው የሜተድ ዝርዝር) አደረግናት፣ ለሚያስፈልገው ብቻ። ሞተርን ደግሞ ለብቻው ክላስ ሰርተን ተሽከርካሪው እንዲይዘው አደረግን፣ ኮምፖዚሽን ማለት ነው። ከመውረሳችሁ በፊት "ነው" ወይስ "አለው" ብላችሁ ጠይቁ ይላል፣ ባጃጅ ተሽከርካሪ ነው፣ ተሽከርካሪ ሞተር አለው። ይሄ ለጀማሪ ብቻ የሚነገር እንዳይመስላችሁ፣ ጃቫ ራሱ ውስጥ ስታክ ከቬክተር (በየትኛውም ቦታ ኤለመንት ከሚያስገባ ዝርዝር) ስለወረሰ ከላይ ብቻ መጨመርና ማንሳት የሚገባው ነገር መሀሉ ላይ ኤለመንት መሰንቀር ይቻላል፣ ዶክመንቴሽኑም አሁን ለዚህ ስራ ዴክ የሚባለውን ሌላ መያዣ ተጠቀሙ ነው የሚለው። በኮድ ስላሳየን ማንም አልተከራከረም።

ታሪኩን፣ ኖርዌጂያኖቹ ዳልና ኒጎርድ በሲሙላ 67 ክላስና ንዑስ ክላስን እንዳመጡ፣ በአንድ ስላይድ አለፈው፣ አልከፋኝም። የከፋኝ መልቲፕል ኢንሄሪታንስ ላይ መሮጡ ነው። ሲፕላስፕላስ ከሁለት ወላጅ መውረስ ይፈቅዳል፣ ሁለቱም ወላጆች ከአንድ አያት ሲመጡ ደግሞ የዳይመንዱ ጣጣ (በየትኛው ወላጅ በኩል ያለው ሜተድ ይወረስ የሚለው) አለ፣ ጃቫ ይሄን ሸሽቶ ነው ለአንድ ክላስ አንድ ወላጅ ብቻ የፈቀደው፣ ፓይተን ፈቅዶ ሜተዱ የሚፈለግበትን ቅደም ተከተል ራሱ ያወጣል። የፓይተኑን ስጠይቀው "እሱ ሌላ ኮርስ ነው" አለኝ፣ እንዴ፣ አምስት ደቂቃ ቢሰጠው ምን ነበረበት!

ሀንድአውቱን ተዉት። ኢንተርፌስ ውስጥ ቦዲ (የሚሰራ ኮድ) ያለው ሜተድ ጭራሽ አይቻልም ይላል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ጃቫ 8 ዲፎልት ሜተድ ካመጣ ስንት ዘመኑ። አስተማሪው ራሱ ቦርድ ላይ አርሞታል፣ ቢሮው ግን ያንኑ እያባዛ ነው፣ ደግሞ በብር!

መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያስነሳሉ፣ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ኮምፒውተሩን ግን ለሁለት ነው የምትካፈሉት፣ ጎናችሁ ያለው ሰው ኪቦርድ የማይለቅ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ማየት ነው፣ ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጄዲኬውንም (የጃቫ ፕሮግራም መስሪያውን) ቤት ጭናችሁ ምክንያቱም እዛ ዋይፋዩ ይጎተታል። ሉፕና ሜተድ መጻፍ ለሚችል ሰው ነው የሚሆነው፣ ከዜሮ ለምትጀምሩ ይከብዳችኋል። ስትመዘገቡ የቅዳሜ ጠዋቱን ፈረቃ ያዙ፣ ከሰዓቱ በጣም ይጨናነቃል።