በመኪና ቤት ውስጥ ስለሚለኮስ ማሞቂያ፣ ከምጣዳችን እስከ ቆጣሪያችን ለመረመሩልን የኤሌክትሪክ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ባለፈው ታኅሣሥ በወላጆቼ ግቢ ከእሳት ለጥቂት ከተረፍን በኋላ፣ ያንኑ ስሕተት ለሁለተኛ ጊዜ እንዳንሞክረው ያደረጉንን አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና ለሚፈልጋቸው ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ራሳቸው ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ በግል ለሚጽፍልኝ ሰው ግን አስተላልፋለሁ።

እህቴና ባለቤቷ የሚኖሩት ጀርመን አገር ነው። ለታናሽ ወንድማችን የጥር ሠርግ ሲመጡ እንደ ሌላው ሰው በአውሮፕላን አልመጡም፤ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለውን የመኖሪያ መኪናቸውን በመርከብ እስከ ሞምባሳ ልከው፣ ከዚያ በናይሮቢና በሞያሌ በኩል እየነዱ ገቡ። ጎላ ሚካኤል አካባቢ ባለው ግቢያችን ሲያቆሙት የሰፈሩ ልጆች «ቤት ያዘለው መኪና» የሚል ስም አወጡለት። የእናቴ ቤት በእንግዳ ስለሞላ ከትንሿ ልጃቸው ጋር እዚያው መኪናው ውስጥ ለማደር ወሰኑ።

መኪናው በናፍጣ የሚሠራ የራሱ ማሞቂያ አለው። ሞምባሳ ላይ ማሞቂያ መኖሩን ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ ወደ ደጋው ሲወጡ ግን መጨስ ጀመረ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ጭራሹን እምቢ አለ። ከመመሪያው እንደተረዳነው ነገሩ ብልሽት አልነበረም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ለከፍታ ያልተስተካከለ የናፍጣ ማሞቂያም የሚገባለት ነዳጅ ሳይቀንስ አየሩ ብቻ ስለሚያንሰው በደንብ ሳይቃጠል ጥላሸት እየሠራ ይዘጋል። የታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደሚያንዘፈዝፍ የምታውቁት ነው፤ የቆርቆሮ ግድግዳ ያለው መኪና ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በማግስቱ 2,000 ዋት የሚወስድ፣ አየር እየነፋ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተገዛ፤ 25 ሜትር ርዝመት ካለው የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ላይ ጥቂት ሜትር ብቻ ተፈትቶ ከወጥ ቤቱ ሶኬት ጋር ተገናኘ።

የመጀመሪያው ምሽት ብሬከሩ ሁለት ጊዜ ወረደ፤ በሁለቱም ጊዜ እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር። ከሰፈር የተጠራ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ባለ 16 አምፒሩን ብሬከር አውጥቶ ባለ 32 አስገባና «ከእንግዲህ አይወርድም» ብሎን ሄደ። እውነትም አልወረደም። በሦስተኛው ቀን፣ መብራት ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ስለዋለ እንጀራው በማታ እየተጋገረ ሳለ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ እህቴ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት። ወጥታ ስታይ ከመኪናው ሥር የተቀመጠው የኤክስቴንሽን ጥቅል ይጨሳል። እኔ ሮጬ ዋናውን ማጥፊያ አወረድኩ፤ ልጅቷ ከነእንቅልፏ ተሸክማ ወጣች። ጥቅሉን በማግስቱ ስናየው ሽቦው እርስ በርሱ ቀልጦ አንድ ጓል ሆኖ ነበር።

እኚህን ባለሙያ ያገናኘችን ጎረቤታችን ናት። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳው የተጠጋ፣ ተግባረ ዕድ የተማሩ፣ ንግግራቸው የታረመ ሰው ናቸው። የጠራናቸው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወፈር ያለ ኤክስቴንሽን እንዲያዘጋጁልን። እሳቸው ግን ካቻቢቴያቸውን እንኳ ሳያወጡ «ማሞቂያው ሲበራ ቤቱ ውስጥ ሌላ ምን ይበራል?» ብለው ጠየቁ፣ ቀጥሎም ቆጣሪው የት እንዳለ አሳዩኝ አሉ። ምስጋናዬ በዋናነት ለዚህ ጥያቄ ነው፤ ከእሳቸው በፊት የመጣው ሠራተኛም፣ እኛም ራሳችን፣ ይህን አልጠየቅንም ነበር።

ብሬከሩን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ ለእናቴ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ «እትዬ፣ ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩን ማሳደግ፣ ውሻው ጮኸ ብሎ ውሻውን እንደ መሸጥ ነው።» ሒሳቡን በወረቀት ሠርተው አሳዩን። ምጣዳችን 3,500 ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፒር ነው። ማሞቂያው 2,000 ዋት ስለሆነ 9 አምፒር ይጨምራል። ድምሩ 25 አምፒር ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነው፤ ባለ 32 ብሬከር ደግሞ 25 አምፒርን ምንም ሳይለው ያሳልፋል። የወጥ ቤቱን ስካቶላ (የሽቦ መገጣጠሚያ ሳጥን) ሲከፍቱት በናስትሮ ብቻ ተጠምዝዞ የነበረው የድሮ መገጣጠሚያ ጠቁሮ፣ የሽቦው ልባስ ተሰባብሮ አገኙት። አንድ በደንብ ያልጠበቀ መገጣጠሚያ ላይ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን የነገሩንም ያኔ ነው። ማሞቂያን ከሌላው ዕቃ የሚለየው የሚወስደው ዋት ብቻ እንዳልሆነም አስገነዘቡን፤ የፀጉር ማድረቂያም 2,000 ዋት ሊወስድ ይችላል፣ ግን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፤ ማሞቂያ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ ደካማው ቦታ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አያገኝም።

ስለ ጥቅሉ ደግሞ በላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበቡልን። ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 3,000 ዋት፣ እንደተጠቀለለ ግን 1,000 ዋት ብቻ ይላል። የተጠቀለለ ሽቦ ሙቀቱን የሚያወጣበት አየር ስለማያገኝ እንደ ምድጃ ራሱን በራሱ ያግላል። ሦስት የተማሩ ሰዎች በዚያ ጥቅል አጠገብ ሦስት ቀን ስንመላለስ ማናችንም አላነበብነውም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት መስመር ነው። የወጥ ቤቱ ሶኬት የመሬት መያዣ ያለው ቢመስልም ከጀርባው ከምንም ጋር አልተገናኘም ነበር። በቤት ውስጥ ይህ ራሱ አደገኛ ነው፤ በመኪና ላይ ደግሞ የባሰ ነው። መኪናው የቆመው በጎማ ላይ ስለሆነ፣ አንድ የተላጠ ሽቦ አካሉን ቢነካ ብረቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል፤ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የሚይዝ ሰው ያን ጊዜ የመሬት መስመሩ ራሱ ይሆናል። የእህቴ ባለቤት መኪናው ውስጥ 30 ሚሊ አምፒር ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ የደኅንነት ማብሪያ አለ ብሎ ተከራከረ። ባለሙያው አላጣጣሉትም፤ ነገር ግን ያ ማብሪያ ከእሱ በኋላ ያለውን እንጂ ከመኪናው ውጭ የተዘረጋውን ኤክስቴንሽን እንደማይጠብቅ፣ የመሬት መስመር ከሌለም ለማቋረጥ ሰው እስኪነካው እንደሚጠብቅ፣ መስመሩ ካለ ግን ሰው ሳይነካው እንደሚያቋርጥ በትዕግሥት አስረዱት። እሱም አመነ።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ለምጣዱ ከማከፋፈያው የሚነሣ የራሱን ወፍራም መስመርና ብሬከር ሰጡት፤ ባለ 32ቱን አውጥተው ለወጥ ቤቱ ሶኬት ባለ 16 መለሱለት። ለመኪናው ደግሞ በረንዳው ጣሪያ ሥር ዝናብ የማያስገባ ሶኬት ተክለው፣ በራሱ ባለ 16 ብሬከርና በ30 ሚሊ አምፒር በሚያቋርጥ መከላከያ ለይተው አወጡት፤ የመሬት ዘንግም ተቀበረ። በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ፣ ባለ 2.5፣ የመሬት መስመር ያለው አንድ ወጥ ገመድ ወደ መኪናው ሄደ። የመከላከያውን የመሞከሪያ ቁልፍ እህቴ ራሷ እንድትጫነው አደረጉ፤ ጠቅ ብሎ ሲያቋርጥ «በየወሩ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጊ፤ ካልወረደ ጥሪኝ» አሏት።

ስለ ማሞቂያው ራሱ የሰጡን ምክር ለሠርግ እንግዶቻችን ሁሉ ደርሷል ብል ማጋነን አይሆንም። ነፋሹን ማሞቂያ ትተን በዘይት የተሞላውን፣ ሙቀቱ ሲደርስ ራሱ የሚያቋርጥና ሲወድቅ የሚጠፋ ዓይነት ገዛን፤ በ1,000 ዋት ላይ አድርገን ስናየው ለዚያ ጠባብ ክፍል በቂ ሆነ። ማሞቂያ ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ አለበት ሲሉ የእህቴ ባለቤት ሳቀ፤ የመኪናው ወርድ ከውስጥ ሁለት ሜትር ብቻ ነዋ። ከብዙ መለካት በኋላ የተገኘው ብቸኛ ቦታ በምድጃው ፊት ያለው መተላለፊያ ነበር፤ እዚያም ቢሆን መውጫውን እንዳይዘጋ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተቀመጠ። ጋቢም ሆነ የልጅ ልብስ ለማድረቅ ከላዩ እንዳይሰቀል፣ ስፒናው በዲቫይደር ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት እንዲሰካ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ስፒናው በእጅ ተዳስሶ የሚፋጅ ከሆነ ወዲያው እንዲነቀል ነገሩን። ከመተኛት በፊት አሙቁ፣ ስትተኙ አጥፉ፣ ብርድ ልብስ ጨምሩ የሚለው ምክራቸው ለእህቴ ቤተሰብ ከባድ ነበር፤ ግን ተለመደ።

አንዱ ምክራቸው ለእኛ ከተማ ሰው ሁሉ የሚሆን ነው። መብራት ሲሄድ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀሉ። ብዙ ሰው መብራት የጠፋ ዕለት ማሞቂያው እንደተከፈተ መሆኑን ረስቶ፣ ፎጣ ወይም ልብስ ጣል አድርጎበት ከቤት ይወጣል፤ መብራቱ የሚመለሰው ማንም በሌለበት ሰዓት ነው፤ በእጅ የሚዞር ማብሪያ ያለው ማሞቂያም ያለ ጠባቂ ሥራውን ይቀጥላል። ኃይሉ ሲደክም ደግሞ ሁለተኛ ማሞቂያ አትጨምሩ ብለዋል። ቮልቱ ወደ 190 ሲወርድ ባለ 2,000 ዋቱ ማሞቂያ የሚሰጠው 1,500 ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ቮልቱ ሲመለስ ግን ሁለቱም በሙሉ ኃይላቸው ይነሣሉ።

ማሞቂያውን ከመኪናው ባትሪ በኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ በሚቀይር መሣሪያ) ስለማስነሣት የጠየቅናቸውን በአጭሩ ነው የመለሱት። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ቢሞላ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ለ1,000 ዋት ማሞቂያ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይሻገርም።

ከእናቴ ጋር የነበራቸው ክርክር ግን ረዘም ያለ ነበር። ከዚያ ሌሊት በኋላ እናቴ ኤሌክትሪኩን ፈርታ «ጭሱ የወጣለት ፍም በማንደጃ ላስገባላቸው፤ እኛ በዚህ አይደል ያደግነው» ትል ነበር። ባለሙያው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከሰል ጭሱ ስላለቀ መርዙ አያልቅም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል፤ መኪና ደግሞ ከየትኛውም ክፍል ይልቅ የተደፈነ ነው አሏት። እሷ ያደገችበት ቤት በጣሪያውና በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ አየር ይገባበት እንደነበር ሲያስታውሷት ትንሽ ዝም አለችና «እሱስ እውነት ነው» ብላ ማንደጃውን ወደ ቡናዋ መለሰች። የመኪናው የአየር ማስገቢያዎች ለብርድ ተብሎ በጨርቅ እንዳይደፈኑም አደራ ብለው፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽንን ነጻ ስልክ 939ን በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ አስጻፉን።

ስለ ክፍያ አንድ ነገር ልበል። ዕቃውን እኛው እንድንገዛ ዓይነቱንና መጠኑን ጽፈው ሰጡን፤ ከየትኛው ሱቅ ግዙ አላሉም። ያወጡትን አሮጌ ብሬከርና ሽቦ መልሰው አስረከቡን፤ በማከፋፈያው ክዳን ላይም የትኛው ብሬከር የትኛውን እንደሚያጠፋ በአማርኛ ጻፉበት። የሠራተኛ ዋጋቸው ከመጀመሪያው ሠራተኛ በብዙ ይበልጣል፤ እኔ ግን ተገቢ ነው እላለሁ። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር በሁለተኛው ቀን ከቀጠሯቸው ሦስት ሰዓት ዘግይተው መምጣታቸው ነው፤ አስቀድመው ደውለው ይቅርታ ጠይቀዋልና አልከፋሁባቸውም።

ለባለሙያው፦ ጋሼ፣ እህቴና ባለቤቷ ሠርጉ ካለፈ በኋላ በሰላም ወደ ሞያሌ አቅንተዋል፤ ትንሿ ልጅም ሰላም ብላዎታለች። ስልካቸውን የምትጠይቁኝ ሰዎች ደግሞ፣ ከመደወላችሁ በፊት የቆጣሪያችሁንና የማከፋፈያችሁን ፎቶ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ብሬከር ብቻ አሳድጉልን ብላችሁ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ አይመጡም።