ባልጩት ለማሞቅ የዋለ አነስተኛ የኤሌክትሪክ እቶን፦ የስምንት ወር አጠቃቀም

ይህ እቶን የተሠራው ለሸክላና ለብርጭቆ ሥራ ነው። ውስጡ በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ኃይሉ 1.8 ኪሎ ዋት፣ ከፍተኛ ሙቀቱ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ መቆጣጠሪያው ዲጂታል ነው። የድንጋይ መሣሪያ የሚሠራበት ባልጩት ወይም ቸርት (የባልጩት ዓይነት ጠጣር ድንጋይ) ለመጥረብ ሲያስቸግር እንዲገራ ይሞቃል፤ ለዚህ ግን ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 350 ዲግሪ ይበቃዋል። ጥሩነቱም ጉድለቱም የታየው እዚሁ ላይ ነው፤ ቶሎ እንዲግል የተሠራ ዕቃ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ሲታዘዝ ይቸገራል።

ትልቁ ችግር ከታዘዘው ማለፉ ነው። 110 ዲግሪ ላይ ቁም ሲባል 140 ደርሶ ይመለሳል። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላም የማሞቂያ ሽቦዎቹና ጡቡ የያዙት ሙቀት መውጣቱን አያቆምም። ለሸክላ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ውሃ ያዘለ ድንጋይ ግን ይፈነዳል። ውስጡ ያለው ውሃ በድንገት እንፋሎት ሲሆን መውጫ ያጣና ከድንጋዩ ፊት ላይ እንደ ምስር ፍሬ መሃሉ ወፍሮ ጠርዙ የሳሳ ቁራጭ ፈንቅሎ ይጥላል። ክብ ጉድጓድ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንደ መረብ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ከወጣ ግን ወይ ሙቀቱ በዝቷል፣ ወይ ማቀዝቀዙ ፈጥኗል።

መፍትሔው የብረት ሣጥንና ደረቅ አሸዋ ነው። ከታች 3 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ እርስ በርስ የማይነካኩ ድንጋዮች፣ ከላይም 3 ሳንቲ ሜትር አሸዋ። አሸዋው የእቶኑን መዋዠቅ ይውጠዋል። ሁለተኛ ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) በአሸዋው መሃል መቅበር ግድ ነው፤ ሙቀቱ እየጨመረ ባለበት ሰዓት ከእቶኑ ማሳያ 30 ወይም 40 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው አሸዋው የታዘዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው። ማሳያውን ብቻ ያመነ ሰው ያልበሰለ ድንጋይ አውጥቶ እቶኑን ይወቅሳል።

ሙሉ ድንጋይ አይገባም። መጀመሪያ ተፈልጦ ውፍረቱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በሰዓት 25 ዲግሪ እየጨመረ 110 ይድረስና እዚያ 24 ሰዓት ይቆይ፤ የላይኛው ቀዳዳ እንፋሎቱ እንዲወጣ ክፍት ይሁን። ከዚያ ቀዳዳው ተዘግቶ በዚያው ፍጥነት እስከ መጨረሻው ሙቀት ይወጣል፣ 5 ሰዓት ይቆያል፣ በዚያው ፍጥነት ይወርዳል። አሸዋው ከ50 ዲግሪ ሳይወርድ በሩ አይከፈትም። በአጠቃላይ ሁለት ቀንና ሌሊት ገደማ ይፈጃል። ይህን መታገሥ የማይችል ሰው ይህን እቶን ባይገዛ ይሻላል።

ከ200 ዲግሪ በላይ ድንጋዩ በተሠራበት ማዕድን፣ በሲሊካው ውስጥ የታሰረው ውሃ ይለቅና ቅንጣቶቹ ይበልጥ ይያያዛሉ። ድንጋዩ ሲመታ ስንጥቁ ቅንጣቶቹን መዞሩን ትቶ ሰንጥቋቸው ያልፋል፤ ፍላጩም (ተመትቶ የሚነሳው ስስ ቁራጭ) ረጅምና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ትክክለኛው ዲግሪ ግን እንደ ድንጋዩ ነው፤ ኖቫኩላይት የተባለው ደቃቅ ቅንጣት ያለው ድንጋይ ከ400 በላይ ይጠይቃል፣ ኦብሲዲያን ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ብርጭቆ ስለሆነ ማሞቅ አያስፈልገውም። ለአዲስ ድንጋይ ከ200 ተጀምሮ በየዙሩ 25 ዲግሪ እየተጨመረ በትንንሽ ፍላጮች ይሞከር፤ ያልሞቀ ቁራጭም ለማነጻጸሪያ ይቀመጥ። በደንብ የሞቀ ድንጋይ የሚያገኘው ብልጭታ ውጪው ላይ አይታይም። ፈልጣችሁ አዲሱን ገጽ እዩ፤ ሰም የተቀባ ከመሰለ ደርሷል። ብረት ያለበት ቢጫ ድንጋይ ወደ ቀይ መለወጡ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በትርፍ ሙቀት የሚገኝ ጥቅም የለም፤ የሞቀ ድንጋይ ለመጥረብ ይገራል እንጂ ጥንካሬው ይቀንሳል። ለመብሻ ጫፍ የሚሆነውን ሳይሞቅ መተው ይመረጣል።

ከዕቃው ክፍሎች ቀድሞ የደከመው ሪሌው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ ነው። በዝግታ ሲሞቅ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚከፍትና ስለሚዘጋ በአምስተኛው ወር ተጣብቆ ቀረ፤ ሪሌ ተዘግቶ ሲጣበቅ ደግሞ ሙቀቱን የሚያቆመው ነገር የለም። ሙቀት ማስተንፈሻ ብረት ያለው የኤሌክትሮኒክ ሪሌ ከተተካ ወዲህ ችግር አልታየም። ባለሙያ ይሥራው። የጡቡ ቀጫጭን ስንጥቆች አያሳስቡም፤ የበሩ መላላት ግን ከበሩ አጠገብ ያለውን ድንጋይ ወደ ኋላ ያስቀረዋል። መብራት ሲጠፋ መቆጣጠሪያው የደረሰበትን አያስታውስም፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አሸዋው ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ድንጋዩ አይሰነጠቅም፤ ያ ዙር እንደገና ይደገማል።

አሸዋው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሥራ ፈትቶ ከሰነበተ ድንጋይ ሳይገባበት ብቻውን 110 ዲግሪ ላይ ይድረቅ። ሲገለበጥ የሚነሳው የሲሊካ አቧራ ሳንባ ስለሚጎዳ አቧራ የሚያጣራ ጭንብል አድርጋችሁ ከቤት ውጪ ገልብጡት።