ኤችኤምቲ ጃናታ፦ የህንድ መንግሥት የሠራው የእጅ ሰዓት ዛሬም ይገዛል?

ባትሪ የለውም። በየማለዳው መሙያውን በቀስታ ማዞር፣ መጥበቅ ሲጀምር ማቆም ነው፤ ከዚያ ወዲያ መታገል ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰውን ጥቅል ስፕሪንግ ይጎዳል። ባለ 17 ድንጋዩ (ድንጋይ የሚባሉት ሰበቃን የሚቀንሱ ጥቃቅን ጌጥ ድንጋዮች ናቸው) ሞተር ቀላል ስለሆነ ሰዓት ሠሪ አይቸገርበትም። ውሃ ግን ጠላቱ ነው፤ ላብም ጭምር። ዘይቱ ሲደርቅ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ያኔ ተፈትቶ መታጠብና መቀባት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው የመንግሥት ድርጅት ኤችኤምቲ በ1961 ባንጋሎር ላይ ሰዓት መሥራት የጀመረው በጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ኩባንያ በሲቲዝን እውቀት ነው። የውጭ ሰዓት በገደብ ይገባ ስለነበር ገበያው የእሱ ሆነ። ፋብሪካ በሰሜን ህንድ እስካሉት ስሪናጋርና ራኒባግ ድረስ ተተከለ፤ እዚህ ላይ ከሂሳቡ ይልቅ ፖለቲካው ይበልጥ የታየ ይመስላል። በኋላ ኤችኤምቲን በገበያ ያሸነፈውም ንጹሕ የግል ነጋዴ አልነበረም፦ በ1984 የተመሠረተው ታይታን የታታ ኩባንያና የህንዷ ክፍለ ግዛት የታሚል ናዱ መንግሥት ሽርክና ነው፣ ኳርትዝ በሚባለው የባትሪ ሰዓት ላይ አተኮረ። በ2016 ዴልሂ ያለችው የህንድ መንግሥት የኤችኤምቲን የሰዓት ክፍል ለመዝጋት ወሰነች።

ስለዚህ አሁን የሚሸጠው በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ፊቱ እንደ አዲስ ቀለም የተቀባም ሞልቷል። የቁጥሮቹ ጠርዝ ከደበዘዘ፣ ቀለሙም ከልክ በላይ ከደመቀ ይጠርጠር። ሻጩ የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ የሞተሩን ፎቶ ካልላከ አይክፈሉ።