ኤክስ-ፕሌን 12 በጎን ነፋስና በእርጥብ ማኮብኮቢያ ሲፈተን

አውሮፕላን መሬት ሲነካ ዷ ካለ «ይሄ አብራሪ አይችልም» ከሚሉት ተሳፋሪዎች አንዱ ነበርኩ። ኤክስ-ፕሌን 12 በተባለው፣ በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረርን በሚያስመስለው ሲሙሌተር ላይ ለወራት ከተለማመድኩ በኋላ ያንን ቃል ደግሜ አላልኩም።

ሲሙሌተሩ የወጣው በ2022 መጨረሻ ነው። ሰው የሚያወራው ስለ ደመናውና ስለ ምስሉ ጥራት ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን የአየር ሁኔታ ማስተካከያው ነው። የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ማኮብኮቢያውን ደረቅ፣ እርጥብ ወይም በረዶ የያዘው ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ለማረፍ ጥቂት ማይል ሲቀር አየር ላይ ትጀምራላችሁ። ተበላሸ? እንደገና። አብሮት የሚመጣው ኤርባስ ኤ330 ለዚህ ይበቃል።

መጀመሪያ የሞከርኩት በ40 ኖት ነፋስ ነው (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)፣ ግን ከፊት 30 ዲግሪ ብቻ ዘወር ያለ። ከጎን የሚገፋው ግማሹ፣ 20 ኖት ነው። ይቻላል። ወደ 60 ዲግሪ ሳዞረው ያው ነፋስ ወደ 35 ኖት የሚጠጋ የጎን ግፊት ሆነ። ለማነጻጸር፣ ኤርባስ ኤ320 በሙከራ በረራ ያረፈበት ተብሎ የተመዘገበው የጎን ነፋስ 33 ኖት ነው፣ ድንገተኛ ግፊቱ ሲታከልበት 38። በ140 ኖት እየመጣችሁ አፍንጫው ወደ ነፋሱ 14 ዲግሪ ያህል ይዞራል፣ አውሮፕላኑ እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል፣ ማኮብኮቢያውም የሚታየው ከመስታወቱ ጥግ ነው።

ሊነካ ሰከንዶች ሲቀሩት በእግር ፔዳል ታቃኑታላችሁ፣ በዚያው ቅጽበት በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ትንሽ ዝቅ ታደርጋላችሁ። ከቀደማችሁ ነፋሱ ከመሃል መስመር ይወስዳችኋል። ከዘገያችሁ ጎማው በጎኑ ይመታል። ክንፉን ካበዛችሁት ደግሞ ከስሩ ያለው ሞተር መሬት ይነካል።

እርጥብ ማኮብኮቢያ ላይ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። በለስላሳው ላሳርፍ ስል አውሮፕላኑ እየተንሳፈፈ ማኮብኮቢያውን ይጨርስብኛል፣ ሲነካም ጎማው ውሃው ላይ ይንሸራተታል። ጠንከር አድርጎ ማሳረፍ ግን ውሃውን ሰንጥቆ ጎማውን ከአስፋልቱ ያገናኘዋል። ጎማው ይሽከረከራል፣ ክንፍ ላይ ያሉት ስፖይለሮች፣ የክንፉን የማንሳት ኃይል የሚያጠፉት ሳንቃዎች፣ ይነሳሉ፣ ክብደቱ ወደ ጎማው ይወርዳል፣ ፍሬኑ ይይዛል። ያ ያማሁት ዷ ይሄ ነበር።

ከሁሉ ያስፈራኝ ከነካ በኋላ ያለው ነው። በረዶ ላይ ነፋሱ ጅራቱን እየገፋ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ያዞረዋል፤ በዚያ ላይ ሪቨርሱን፣ ማለትም ለማቆም የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚያዞረውን፣ ሙሉ ከከፈታችሁ የሞተሩ ጉልበት ራሱ ወደ ተቃራኒው ዳር ይጎትታችኋል። ሪቨርሱን መቀነስ፣ ፍሬኑን መልቀቅ፣ አቅጣጫ ማስተካከል፣ ከዚያ እንደገና መያዝ ነው። ማኮብኮቢያው እያለቀ ፍሬን መልቀቅ! እጄ እሺ እስኪል ብዙ ቀን ፈጅቷል።

ያለ እግር ፔዳል አልመክርም። በሚጠመዘዝ ጆይስቲክ ጀምሬ ነበር፣ በአንድ እጅ ክንፉንም አፍንጫውንም ማስተካከል ያስቸግራል። ደግሞም አውሮፕላኑ ወደ ጎን ሲሸሽ ወንበራችሁ ላይ አይሰማችሁም፤ ተራ የቤት ኮምፒውተር ያን አይሰጥም።

ነፃ መሞከሪያ ስላለው መጀመሪያ እሱን አውርዱ። በ10 ኖት የጎን ነፋስና በደረቅ ማኮብኮቢያ ጀምሩ። ከመስመሩ ከወጣችሁ ለማዳን አትታገሉ፣ ጉልበት ሰጥታችሁ ተነሱና ዞራችሁ ኑ።