ከጅማ የአንድ ቀን ጉዞ፦ ጅሬንና ቦዬ ወይስ በለጠ ደን?

ጅሬን ቅርብ ነው፤ በባጃጅ ይደረሳል። እዚያ ያለው የጅማው ንጉሥ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከ100 ዓመት በላይ የቆመ የእንጨት ሥራ ነው፤ የሰገነቱን ጣውላ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የጠራቢው እጅ ያስደንቃል። ከኮረብታው ላይ ጅማ ወለል ብላ ትታያለች። በመልስ ቦዬ ረግረግ ዳር ቆማችሁ ወፎች ታያላችሁ፤ ከታደላችሁ ጉማሬም። ዳር ዳሩ እየታረሰ መሄዱ ግን ያሳዝናል።

በለጠ በቦንጋ መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል፤ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ቢሆንም ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቀልቶ ማየት፣ ጉሬዛ ነጭ ጅራቷን እያውለበለበች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል መመልከት ሌላ ነገር ነው። ቡናን በስኒ ብቻ ለሚያውቁ ልጆች እኔ በለጠን እመርጣለሁ። አዛውንት ይዞ ለሚወጣ ጅሬን ይሻላል። በክረምት የደኑ መንገድ ስለሚጨቀይ ቦት ጫማ ያዙ።